ከባሕር ዛፍ ሌላ ባሕር የለንም፤ የባሕር ላይ ተርባይን ስታንዳርድ ምን ይሠራልኛል?

ሜካኒካል_አምስተኛ · ማክሰኞ ማታ 1፡40

ሰላም ለሁላችሁ። አምስት ኪሎ የሜካኒካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። አማካሪዬ ለመመረቂያ ፕሮጀክት የሰጡኝ ርዕስ የባሕር ላይ የነፋስ ተርባይን የዲዛይንና የደህንነት ስታንዳርዶች ነው። ርዕሱን ለክፍል ልጆች ስነግራቸው ካፌው በሳቅ ተናጋ። አንዱ "ከባሕር ዛፍ ሌላ ምን ባሕር አለንና?" አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ባሕር ዛፍ ሆኗል።

ቀልዱ ቀልድ ነው። ጥያቄው ግን ከነከነኝ። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን (አይ.ኢ.ሲ) ለነፋስ ተርባይን ያወጣውን አይ.ኢ.ሲ 61400 የሚባል የስታንዳርድ ቤተሰብ ማንበብ ጀምሬአለሁ። ክፍል 1 አጠቃላዩን የተርባይን ዲዛይን ይዟል። ክፍል 3-1 መሠረቱ ከባሕር ወለል ጋር የተያያዘውን፣ 3-2 ደግሞ ተንሳፋፊውን ይመለከታል። የሎድ ኬዝ (ተርባይኑ ሊገጥሙት የሚችሉ የጭነት ሁኔታዎች) ሠንጠረዡ ላይ ስደርስ ዓይኔ ፈዘዘ። ተርባይኑ ሲሠራ፣ ሲነሳ፣ ሲቆም፣ እየሠራ ሲበላሽ፣ ቆሞ ሳለ ማዕበል ሲመጣ፣ ገና ሲተከል... ለእያንዳንዱ ሁኔታ ለብቻው ነፋሱም ሞገዱም አብሮ ይሰላል።

ከየት ልጀምር? ደግሞስ ይህ ሁሉ አዲስ አበባ ለተቀመጠ ሰው ምን ይሠራለታል? የባሕር ዛፉን ቀልድ እኔው ቀድሜአችኋለሁና ሌላ ፈልጉ።

---

የፒያሳ_ልጅ · ማክሰኞ ማታ 1፡52

እንኳን ደህና መጣሽ ባሕር ዛፍ።

የእውነቴን ነው፣ ርዕሱን አስቀይሪ። የየብስ የነፋስ ጣቢያ እንደሆነ አዳማ አለልሽ፣ አሸጎዳ አለልሽ፣ አሰላ አለልሽ፣ አይሻ አለልሽ። ከተመረቅሽ በኋላ የምትቀጠሪው እዚያ ነው። የሰሜን ባሕርን ሞገድ ስትቆጥሪ ከርመሽ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ "ባሕሩን ይዘሽ መጣሽ ወይ?" ይሉሻል።

---

ጡረተኛው_ሲቪል · ማክሰኞ ማታ 2፡30

ልጄ፣ ርዕሱን አትቀይሪ። ሰላሳ ዓመት ሕንፃ ስዲዛይን ኖሬአለሁ። ነፋስን በደንብ ያስተማረኝ ያነበብኩት የራሴ ሙያ ኮድ ሳይሆን የሰው ሙያ ስታንዳርድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኛ የሕንፃ ኮድ መነሻ የነፋስ ፍጥነት ብሎ የያዘው 22 ሜትር በሰከንድ ነበር። የተርባይኑ ስታንዳርድ ተርባይኖችን በሚችሉት ነፋስ ሲከፍል ለኃይለኛው፣ ለአንደኛ የነፋስ ክፍል፣ 50 ይላል። የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ ከአምስት እጥፍ በላይ ጫና ነው። እኛ ፒያሳ ላይ ቆርቆሮ የሚገለብጥ ነፋስ ሲመጣ "ዛሬስ ጉድ ነው" እንላለን። እነሱ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነፋስ ውስጥ የሚቆም ነገር ይሠራሉ።

ሌላው ተማሪ ሁሉ የሚሳሳትበት ነገር "የ50 ዓመት ማዕበል" የሚለው ስም ነው። በ50 ዓመት አንዴ ይመጣል ማለት ቀጠሮ ይዟል ማለት አይደለም። በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ 2 በመቶ ነው። ተርባይኑ 25 ዓመት ከቆመ፣ በዕድሜው አንዴ እንኳ ያን ማዕበል ወይም የባሰውን የማግኘት ዕድሉ 40 በመቶ ገደማ ይሆናል። በካልኩሌተርሽ ሞክሪው። 0.98ን በ25 ፓወር ከፍ አድርጊና ከ1 ቀንሺ። ከማዕበሉ ጋር መገናኘቱ አይቀርም ብሎ ነው ስታንዳርዱ የሚነሳው። በጭነቱ ላይ 1.35 የሚባል ማባዣ የሚጨመረውም አንዱ ለዚህ ነው።

---

ሜካኒካል_አምስተኛ · ማክሰኞ ማታ 2፡48

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። 40 በመቶውን አስልቼ ደነገጥኩ።

ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር። የሕንፃ ኮዱ 22 የተለካው ከመሬት 10 ሜትር ላይ አይደለም? የተርባይኑ 50 ደግሞ ሮተሩ፣ ማለትም የሚዞረው ክንፍ፣ ያለበት ከፍታ ላይ ነው። ነፋስ ወደ ላይ በሄድን ቁጥር ስለሚፈጥን ሁለቱ ቁጥሮች በቀጥታ የሚወዳደሩ አልመሰለኝም።

---

ጡረተኛው_ሲቪል · ማክሰኞ ማታ 2፡55

ልክ ነሽ። ሁለቱም የ10 ደቂቃ አማካይ ናቸው፤ ከፍታቸው ግን ይለያያል። አምስት እጥፍ ያልኩትን ሰርዢው። ልዩነቱ አለ፣ ያን ያህል ግን አይሰፋም። አማካሪሽ ርዕሱን ለማን እንደሰጡ አውቀዋል።

---

ብሎን_ጠባቂ · ማክሰኞ ማታ 3፡20

እኔ በአንድ የየብስ የነፋስ ጣቢያ ቴክኒሺያን ነኝ። አሁን ፈቃድ ላይ ሆኜ ካዛንቺስ ቤተሰብ ጋ ነኝ። ከየት ልጀምር ላልሽው፣ ከንዝረት ጀምሪ። የቀረው ሁሉ ከዚያ ይመዘዛል።

ከሜክሲኮ ሳር ቤት የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ። መብራት ይዞት ሲቆም ሞተሩ ቀስ ብሎ ይዞራል። ያኔ መስኮቱ፣ በሩ፣ የረዳቱ ጥርስ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጠው ዝም ይላል። ሞተሩ እኮ አሁን ይበልጥ ነው የሚሠራው። ነገር ግን የመስኮቱ የራሱ ንዝረት ከሞተሩ ምት ጋር መገጣጠሙን አቆመ።

ተርባይንም እንደዚያው ነው። 15 ሜጋ ዋት የሚባሉትን የዛሬዎቹን ግዙፎች ውሰጂ። በደቂቃ 7 ተኩል ጊዜ ገደማ ይዞራሉ። አንድ ዙር 8 ሰከንድ ማለት ነው። ሦስት ክንፍ ስላላቸው በየ2.7 ሰከንዱ አንድ ክንፍ ማማውን እየታከከ ያልፋል። ባሕር ላይ ደግሞ ትልልቁ ሞገድ በየ10 ሰከንዱ ገደማ ይመታል። ማማውና መሠረቱ አንድ ላይ የራሳቸው መወዛወዣ ጊዜ አላቸው። ያ ጊዜ 8 ላይ ቢውል ጉድ ነው። 2.7 ላይ ቢውልም ጉድ ነው። 10 ላይም አይሆንም። ዲዛይነሩ በ8 እና በ2.7 መካከል ያለችው ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ሊያስገባው ይታገላል።

አሁን ባሕሩ ሥራውን ይጀምራል። ውሃው በመሠረቱ ዙሪያ ሲሽከረከር አሸዋውን ይቦረቡራል። ወንዝ ድልድይ ሥር የሚያደርገውን አይታችኋል። አሸዋው ሲሸሽ ምሰሶው ይረዝማል፤ ሲረዝም ይለሰልሳል፤ ሲለሰልስ መወዛወዣ ጊዜው ይጨምርና ወደ 8፣ ወደ 10 ይጠጋል። ማንም ብሎን አልፈታም፣ ማንም ብረት አልቆረጠም። የተነሳው አሸዋ ብቻ ነው። በየመሠረቱ ዙሪያ ድንጋይ የሚያፈሱት ለዚህ ነው። ስታንዳርዱም ቡርቦራውን በስሌት ውስጥ እንድታስገቢ ያስገድድሻል።

ለጨዋታ ያህል፣ 25 ዓመት በሰከንድ 788 ሚሊዮን ገደማ ነው። በየ10 ሰከንዱ አንድ ሞገድ ካልሽ ወደ 79 ሚሊዮን ሞገድ ነው። አንዱ ሞገድ ምንም አያደርግም። 79 ሚሊዮኑ ግን ብየዳ ይሰነጥቃል። የሽቦ መስቀያ እያጠፍሽና እያቃናሽ ሰብረሽ ታውቂ የለ? እሱ ነው።

---

የፒያሳ_ልጅ · ማክሰኞ ማታ 3፡31

የረዳቱ ጥርስ ላይ ደርሼ ቡናዬን ተፋሁት።

---

ሜካኒካል_አምስተኛ · ማክሰኞ ማታ 3፡40

ብሎን፣ ይህን የምታህል ነገር አንድ ሴሚስተር ሙሉ በእኩልታ ተምሬ አልገባኝም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ። በዚሁ ቀጥሉልኝ

---

ሜካኒካል_አምስተኛ · ረቡዕ ጠዋት 1፡15

መብራት ሄዶ ነበር። ስለ ኤሌክትሪክ እየተወያየን መብራት መሄዱ ራሱ ፉገራ ነው።

---

ጡረተኛው_ሲቪል · ረቡዕ ጠዋት 3፡05

ሌሊቱን አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። ለሲቪል ሰው እንደ ተረት የሚነገር ነው።

ባሕር ላይ ብዙዎቹ ተርባይኖች የቆሙት ሞኖፓይል በሚባል ግዙፍ የብረት ቱቦ ላይ ነው። ቱቦው በመዶሻ እየተመታ ባሕር ወለል ውስጥ ይቀበራል። ሲቀበር ትንሽ ያጋድል ይሆናል። ስለዚህ ከላዩ ሌላ ሰፋ ያለ ቱቦ ያጠልቁበታል። ሁለተኛውን ቀጥ አድርገው ያስተካክሉትና በመካከል ያለውን ክፍተት ግራውት በሚባል የሲሚንቶ ውህድ ይሞሉታል። ግራውቱ ሲጠነክር ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ማማው የሚያርፈው በዚህ በሁለተኛው ቱቦ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ በሰሜን ባሕር የተተከሉት አብዛኞቹ ለስላሳ ቱቦ በለስላሳ ቱቦ ላይ ነበር የተጠለቁት። የያዛቸው የግራውቱ ፍትጊያ ብቻ ነው። ከ2009 እስከ 2010 ባለው ጊዜ የጥገና ሰዎች ሲያዩ የላይኛው ቱቦ ቁልቁል እየተንሸራተተ ነው። በጥቂት ሴንቲሜትር። አንድ ቦታ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ በብዙ ጣቢያዎች፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ ተርባይኖች ላይ ነበር። አንዳንዱ በተከላ ጊዜ ለማስተካከያ ብቻ በተሠሩ ትንንሽ ብረቶች ላይ ሄዶ ቁጭ አለ። እነዚያ ብረቶች ደግሞ ያን ሸክም እንዲችሉ አልተሠሩም።

አሁን ልብ በሉ። ተቋራጩ አልሰረቀም። ግራውቱን ማንም አላቀጠነም። ስታንዳርዱ የፈቀደውን ቀመር ተከትለው ነው የሠሩት። ቀመሩ የመጣው ግን ከትንንሽ ናሙና ሙከራ ነበር። ቱቦው ሲሰፋና ማማው ቀን ከሌት ወዲያና ወዲህ ሲያጎነብሰው የግራውቱ መያዣ ፊት እየተፈገፈገ አለቀ።

አዲስ አበባ ያለ ግንበኛ ሁሉ ይህን ያውቃል። ለስላሳ ፌሮ ከኮንክሪት ይንሸራተታል፣ ጥርስ ያለው ፌሮ ይነክሳል። በኋላ ያደረጉትም ያንኑ ነው። አንዱ መፍትሄ ቱቦዎቹ ላይ በብየዳ ቀለበት እያወጡ ጥርስ ማብቀል ነው። ሌላው ሁለቱን ቱቦዎች እንደ ተደራረበ የወረቀት ኩባያ አሹሎ መሥራት ነው፤ ሲወርድ ይበልጥ ይጠብቃል። ዛሬ ብዙዎች ግራውቱን ትተው በትልልቅ ብሎን ያስሩታል። ዲ.ኤን.ቪ የሚባለው የኖርዌይ ሰርተፍኬት ሰጪ ከኢንዱስትሪው ጋር አጥንቶ በ2011 የራሱን ስታንዳርድ አረመ።

---

የፒያሳ_ልጅ · ረቡዕ ጠዋት 3፡22

ጋሼ፣ እንግዲህ በራስዎ ቢላ ታረዱ። ስታንዳርዱን ተከትለው ከተንሸራተተ ወረቀቱ ምን ጥቅም አለው? እኛም አገር ስታንዳርድ ሞልቶ የለ፤ መደርደሪያ ላይ። የሰፈሬን ሕንፃ አሁን በመስኮት እያየሁት ነው። አምስተኛ ፎቅ ላይ ሰውዬው በባሕር ዛፍ ስካፎልዲንግ ላይ በነጠላ ጫማ ቆሟል። እሱም አልወደቀም።

---

ጡረተኛው_ሲቪል · ረቡዕ ጠዋት 3፡50

"አልወደቀም" የሚለው ላይ "እስካሁን" ጨምርበት።

ጥያቄህ ግን ጥሩ ነው። እንዲህ አስበው። እያንዳንዱ ተቋራጭ በየራሱ ዘዴ ሠርቶት ቢሆን ኖሮስ? የመጀመሪያው ሲንሸራተት ሌላው "የኔ ይለያል" ብሎ ይተኛ ነበር። ሁሉም በአንድ ቀመር ስለሠሩ አንዱ ሲንሸራተት የሌሎቹ ሁሉ አድራሻ ታወቀ። የትኛውን ገጽ፣ የትኛውን ቀመር ማረም እንዳለባቸውም አወቁ። ስህተቱ የተጻፈ ስለነበር ተገኘ። የኛ ችግር ስህተታችን አለመጻፉ ነው። የአንድ ሕንፃ ደረጃ ሲሰነጠቅ ሲሚንቶ ቀብተን እናልፋለን፤ ቀጣዩ ሕንፃ ላይ ያንኑ ደረጃ እንሠራለን።

---

የፒያሳ_ልጅ · ረቡዕ ጠዋት 3፡58

እሺ፣ ይቺን ተቀብያለሁ። ሰውዬው ወርዷል፣ ቁርስ ሊበላ መሰለኝ።

---

ማማ_ወጪ · ረቡዕ ከሰዓት 8፡10

እህቴ፣ ስለ ዲዛይኑ አያገባኝም። "ደህንነት" የሚለው ቃል ርዕስሽ ውስጥ ስላለ ነው የገባሁት።

የቴሌኮም ማማ ላይ እወጣ ነበር። የቀጠረኝን ተቋራጭ ስም አልጠራም። ለሁለት ሰው አንድ ቀበቶ ነበረን። አንደኛው ሲወርድ ሌላኛው ይታጠቀዋል። ቀበቶው ፀሐይ የበላው፣ ጠርዙ የተተለተለ ነበር። አንድ ቀን 30 ሜትር ላይ እግሬን አዳለጠኝ። ቀበቶው ያዘኝ፣ ተመስገን። የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ተንጠልጥዬ ቀረሁ። ታች ያለው ጓደኛዬ ቀበቶ ስለሌለው ወደ እኔ መውጣት አልቻለም። እግሬ ደነዘዘ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ። ሰው በቀበቶ ተንጠልጥሎ ሲቆይ ደሙ እግሩ ላይ ተከማችቶ ራሱን ሊስት እንደሚችል ያን ቀን የነገረኝ አልነበረም። በራሴ ትግል ብረቱን ይዤ ተረፍኩ። በበነጋታው ለአለቃዬ ስነግረው "ታዲያ ቀበቶው አልያዘህም?" አለኝ።

በኋላ በነፋስ ኢንዱስትሪ የሚሠራበትን ሥልጠና ሳነብ አለቀስኩ ብል አላጋነንኩም። የዓለም የነፋስ ድርጅት የሚባለው ያወጣው መሠረታዊ ሥልጠና አለ። ከፍታ ላይ መሥራት፣ የመጀመሪያ እርዳታ፣ እሳት፣ ሸክም አነሳስ፣ ባሕር ላይ ለሚሠሩት ደግሞ የባሕር ላይ መትረፍ። በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። ከፍታ ላይ ስለ መሥራት ሲያስተምሩ ቀበቶ መታጠቅ ላይ አያቆሙም፤ የተንጠለጠለውን ሰው እንዴት እንደምታወርጂው በእጅሽ ያለማምዱሻል። የማውረጃው ዕቅድ ማማው ላይ ከመውጣትሽ በፊት ይታወቃል።

እ.ኤ.አ. በ2013 ኔዘርላንድስ ውስጥ የየብስ ተርባይን አናት ላይ እሳት ተነስቶ ሁለት ወጣት ቴክኒሺያኖች ሞተዋል። እሳቱ መውረጃቸውን ዘጋባቸው። ጥናትሽ ውስጥ ስለ መውረጃ ገመድ የሚል ክፍል ካለ አትዝለዪው።

---

ሜካኒካል_አምስተኛ · ረቡዕ ከሰዓት 8፡34

እግዜር አትርፎሃል ወንድሜ። ያን ክፍል ልዘለው ነበር፣ አልዋሽህም። ከሎድ ስሌቱ ጋር ሲነጻጸር ቀላል መስሎኝ። አልዘለውም።

---

ከለገሀር_መርከበኛ · ረቡዕ ማታ 2፡05

ባሕር የለንም ያላችሁትን ባሕር ላይ ሆኜ ሳነብ ነበር የምስቀው። ባቦጋያ ባለው የባሕር ሙያ ማሠልጠኛ የተማርኩ የመርከብ ሞተር ሰው ነኝ። ለጊዜው መሬት ላይ፣ ለገሀር፣ እናቴ ቤት ነኝ። ባሕር ባይኖረንም ባሕር ላይ ያለን ልጆች ቁጥር ቀላል አይደለም።

ከሮተርዳም ሌሊት ስትወጡ ቀይ መብራት ይታያችኋል። መጀመሪያ ከተማ ይመስላል። በኋላ ሁሉም በአንዴ ብልጭ፣ በአንዴ ጥፍት ሲሉ ተርባይኖች መሆናቸው ይገባሃል። ቀን ደግሞ የእግራቸው ቢጫ ቀለም ይታያል። ከከፍተኛው የውሃ መጠን በላይ 15 ሜትር ድረስ ቢጫ ይቀባሉ፣ መርከብ እንዳይገጫቸው። ይህም ስታንዳርድ ነው፤ የመርከብ ሰዎች ስታንዳርድ።

ቴክኒሺያኖቹ ተርባይኑ ላይ እንዴት እንደሚወጡ ታውቃላችሁ? ትንሿ ጀልባ አፍንጫዋን መሰላሉ ሥር ካሉት ሁለት የብረት ቱቦዎች ጋር ታጋጥምና ሞተሯን ሳትቀንስ ትገፋለች። በጎማው ፍትጊያ ተይዛ ትቆያለች። ሰውየው ያኔ ተራምዶ መሰላሉን ይይዛል። ብዙውን ጊዜ የሞገዱ ከፍታ 1.5 ሜትር ካለፈ ይህ አይደረግም። ይቺ 1.5 ግን ታታልላለች። ትርጉሟ ከሞገዶቹ የትልልቆቹ አንድ ሦስተኛ አማካይ ነው። ከመሃላቸው ነጠላ ሞገድ ወደ እጥፉ ተጠግቶ ሊነሳ ይችላል። ሰው እግሩን ባነሳባት ቅጽበት ያች ብትመጣስ? ለዚህ ነው ካፒቴኑ ሞገዱን ቆጥሮ "አሁን" እስኪል ማንም የማይንቀሳቀሰው።

ዝገትም አለ። ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ካለው ይልቅ ሞገድ እየረጨው የሚደርቀው ቦታ ነው ቶሎ የሚበላው። ጨውም፣ ውሃም፣ አየርም እዚያ ይገናኛሉ። ውሃ ውስጥ ላለው ብረት የአሉሚኒየም ቁራጮች ይሰቅሉለታል። አሉሚኒየሙ በብረቱ ፈንታ ይበላል። መርከብ ላይም እንዲሁ ነው የምናደርገው፣ ብዙ ጊዜ ዚንክ ነው እንጂ። በየጊዜው ትቀይረዋለህ። መስዋዕት ነው የሚባለው፤ በእውነትም መስዋዕት ነው።

---

ቆርቆሮ_በር · ረቡዕ ማታ 2፡40

የሞኝ ጥያቄ ልጠይቅ። ባሕር ከሌለን ጣና ላይ ብንተክለውስ?

---

የፒያሳ_ልጅ · ረቡዕ ማታ 2፡42

ጉማሬዎቹን ማን ያሠለጥናል?

---

ሜካኒካል_አምስተኛ · ረቡዕ ማታ 3፡10

አትሳቁ፣ ጥያቄው የሞኝ አይደለም። ዛሬ ያነበብኩት ነው። ስታንዳርዱ "የባሕር ላይ" የሚለውን በጨው አይለካውም። መሠረቱን ውሃ የሚገፋው ከሆነ የባሕር ላይ ተርባይን ይባላል። ሐይቅም ይገባል ማለት ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ አይስልሜር በሚባል ጨው አልባ ሐይቅ ላይ 89 ተርባይኖች ቆመዋል። ፍሪስላን ይባላል ጣቢያው። በዓለም የመጀመሪያው የባሕር ላይ ጣቢያ፣ ዴንማርክ የነበረው ቪንደቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲተከል ጥልቀቱ ጥቂት ሜትር የሆነ ውሃ ላይ ነበር። 11 ተርባይን፣ እያንዳንዱ 450 ኪሎ ዋት። እ.ኤ.አ. በ2017 ተነቀለ። ጣና ጥልቅ በሚባልበት ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው፤ ለሞኖፓይል የሚያስቸግር ጥልቀት አይደለም።

ግን ለምን? ጥሩ ነፋሳችን ያለው ሸንተረሩ ላይና ወደ አይሻ በኩል ነው። ጣና ላይ ገዳማቱ፣ አሣ አጥማጁ፣ ታንኳው፣ ወፉ አለ። ሐይቁ በዩኔስኮ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ነው። ያን ትልቅ ክሬን የሚጭን መርከብስ በየት ይገባል?

---

ፌዝ_ሦስት · ሐሙስ ጠዋት 2፡20

ሁላችሁም ስለ ውሃ ታወራላችሁ። ስለ አየሩ ማንም አላነሳም። እኔ የኤሌክትሪክ ሰው ነኝ፤ የምናገረው ለመጀመሪያው ጥያቄሽ፣ አዲስ አበባ ላለ ሰው ምን ይሠራል ላልሽው ነው።

ስታንዳርዱ መደበኛ ሁኔታ ብሎ የሚያስቀምጠው የአየር ክብደት በሜትር ኩብ 1.225 ኪሎ ነው። ይህ የባሕር ጠረፍ አየር ነው። አዲስ አበባ 2400 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ በ20 በመቶ ያህል ይሳሳል። ኃይሉ ከአየሩ ክብደት ጋር እኩል ስለሚሄድ በዚያው የነፋስ ፍጥነት አምስተኛውን ያህል ታጪያለሽ። ክንፉ ላይ የሚያርፈው ጫናም አብሮ ይቀንሳል፣ ይህ ጥሩ ነው። ማቀዝቀዣው ግን ይደክማል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ኢንሱሌሽኑ ነው። ስስ አየር ብልጭታን በደንብ አያግድም። የከፍተኛ ቮልቴጅ ማብሪያ ማጥፊያዎችና ትራንስፎርመሮች በመደበኛ ስታንዳርዳቸው የሚታሰቡት እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ በተለየ ስሌት ታዘዥያለሽ።

ስለዚህ አንድ ሻጭ "ተርባይናችን ሰርተፍኬት አለው" ሲልሽ የትኛው ብለሽ ጠይቂ። የዓይነት ሰርተፍኬት የሚባል አለ፤ ማሽኑ በወረቀት ላይ ለተጻፈ አንድ የነፋስ ክፍል እንደሚበቃ ይናገራል። የፕሮጀክት ሰርተፍኬት ደግሞ ሌላ ነው፤ ይህ ማሽን፣ በዚህ መሠረት ላይ፣ በዚህ ቦታ ነፋስና አፈር ይቆማል ወይ የሚለውን ይመልሳል። የባሕር ሰዎች ይህን ልዩነት በጥብቅ ይይዙታል፤ ጀርመን ውስጥ ለባሕር ላይ ጣቢያ ግዴታ ነው። ለነሱ የባሕሩ ወለል በየ500 ሜትሩ ይለያያል። ለኛስ? አንዱ ኮረብታ ጥቁር አፈር፣ ሌላው ድንጋይ። እኔ ብሆን ከርዕስሽ ውስጥ ይህን ነበር የምመዝዘው።

---

ብሎን_ጠባቂ · ሐሙስ ጠዋት 2፡41

ፌዝ ልብ የሚነካ ነገር ተናገረ። አንድ ነገር ልጨምር። ዲዛይኑም ሰርተፍኬቱም ልክ ሆኖ ፋብሪካው ጉድ ሊሠራሽ ይችላል። በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ አጠገብ ቪንያርድ ዊንድ በሚባለው ጣቢያ 107 ሜትር የሚረዝም ክንፍ ተሰብሮ ፎሙና ፋይበር ግላሱ ናንተኬት ደሴት ባሕር ዳርቻ ላይ ተበተነ። አምራቹ ራሱ የተናገረው ምክንያት ፋብሪካ ውስጥ ሙጫው በደንብ አለመያዙንና የጥራት ምርመራው ያን ሳያይ ማሳለፉን ነው። ከዚያ የተመረቱ ክንፎችን እንደገና መርምረው አንዳንዶቹን ነቀሉ። 107 ሜትር ማለት ከስታዲየሙ ሜዳ ርዝመት የማይተናነስ ነው። ያ ሁሉ በሙጫ ነው የተያያዘው።

---

ጡረተኛው_ሲቪል · ሐሙስ ጠዋት 3፡15

ፌዝ ያለው ላይ እኔም ፊርማዬን አኖራለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የሌላ ሰው የአፈር ምርመራ ወረቀት ኮፒ ተደርጎ ስንት ሕንፃ ቆሟል መሰላችሁ? ቁጥሩን አላውቅም፣ ግን እኔም ጠረጴዛ ላይ ሁለት መጥቶ መልሻለሁ።

---

ሜካኒካል_አምስተኛ · ዓርብ ማታ 1፡30

ዛሬ አማካሪዬ ጋ ሄጄ ነበር። ክሩን በሙሉ አትሜ ወሰድኩላቸው። ሚኒባሱ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ።

ርዕሱ ጠብቧል። በ3-1 የባሕር ላይ ዲዛይን የሚጠየቀውን የቦታ ምርመራ ወስጄ፣ ከዚያ ውስጥ ሞገዱን አውጥቼ፣ ለደጋ ኮረብታ የሚሆን የመመርመሪያ ቅጽ እሠራለሁ። የአየር ስስነት፣ የአፈር ዓይነት፣ መብረቅ፣ የነፋሱ መናወጥ። የሰው መውረጃ ምዕራፍም አለው። ማማ_ወጪ፣ ከፈቀድክልኝ ታሪክህን ያለ ስም እጠቅሳለሁ። የግራውቱ ታሪክ መግቢያው ላይ ይገባል፤ ጋሼ፣ የፌሮውን ምሳሌ ሰርቄአለሁ።

ለፈገግታ ያህል የነፋስ ክፍሎቹን ሠንጠረዥ እንዲህ አስገብቼዋለሁ፦ አንደኛ ክፍል 50፣ ሁለተኛ 42.5፣ ሦስተኛ 35.7 ሜትር በሰከንድ። የሚታረም ካለ ንገሩኝ፤ ሰኞ ነው የማስረክበው።

---

ማማ_ወጪ · ዓርብ ማታ 1፡44

ጥቀሺው። "ታዲያ ቀበቶው አልያዘህም?" ያለኝን ግን እንዳትቆርጪው።

---

ፌዝ_ሦስት · ዓርብ ማታ 1፡58

ሦስተኛው 37.5 ነው። ቁጥሮቹን አገላብጠሻል።

---

ሜካኒካል_አምስተኛ · ዓርብ ማታ 2፡01

ወይኔ! ታርሟል።